ሰብስቤ ኤንድ ሰን

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የፍሬሕይወት ጆሮ ግን ያን ቀን ጠዋት ለባለቤቱ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ዋለ። ፊቷን ታጥባ ከጓሮ ስትመለስ የሳሎኑ መስኮት ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ አጎቷ ጋሽ ሰብስቤ ለሚስቱ ለእትዬ የትምወርቅ የሚያነብላትን ቃል በቃል ሰማችው። የሚያነበው ቦዲቲ ላለው የገበሬዎች ዩኒየን የሚያስገባውን የጨረታ ቅጽ ነበር። «የመሣሪያው ሠሪና ተካይ ባለሙያ፣ መክብብ ሰብስቤ» አለ፣ አፉን ሞልቶ። እትዬ የትምወርቅ ሻይዋን ማማሰሏን ሳታቋርጥ «ፍሬስ?» ስትለው፣ «ፍሬ ምን ቸገራት፣ ነገ አግብታ ትሄዳለች። ልጁ ነው ስም የሚያስፈልገው» ብሎ ቅጹን አጠፈው። ሚስቱ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። በዚያ ቤት ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ነው ነገር ሁሉ እንዲህ በሰላም የሚያልፈው። ፍሬሕይወትም ገብታ ቁርስ አቀረበች፣ ብርጭቆ አነሳች።

መሣሪያው የተባለውን ሚዛን የሠራችው እሷ ናት። ስምንት ወር ፈጅቶባታል። ዩኒየኑ ከገበሬው በቆሎ፣ ቦሎቄና ዝንጅብል ይገዛል። አሮጌዎቹ ሚዛኖች የመዛኙ አውራ ጣት በነካቸው ቁጥር መርፌያቸው ወደፈለገበት ስለሚሄድ ገበሬው እሮሮ አበዛ። ስለዚህ ክብደቱን ራሱ በገመድ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ፣ የሰው እጅ በመሀል የማይገባበት ሚዛን ዲምቱን ጨምሮ ለአምስት የቀበሌ መጋዘኖች እንፈልጋለን ብሎ ጨረታ አወጣ። ከሚዛኖቹ ጋር በወር ደሞዝ እየተከፈለው የሚተክልና የሚጠግን አንድ ባለሙያም ይቀጥራል፤ የሚቀጥረውም ቅጹ ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው ነው። ፍሬሕይወት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የአጎቷን ብርጭቆ ስታጥብ የኖረችው ስሟ የሚሰፍርበት እንዲህ ያለ መስመር ስትጠብቅ ነበር። አባቷ ከሞተ ጀምሮ የምትተኛው ከአጎቷ የብረታ ብረት ሱቅ ጀርባ የምስማርና የማጠፊያ ካርቶን በተደረደረበት ክፍል ነው፤ ከዚያ ክፍል የሚያወጣት መንገድ ያ አንድ መስመር ብቻ ነበር። አሁን መስመሩ ላይ መክብብ ተኝቶበታል። መክብብ ሐዋሳ ሦስት ዓመት ተምሮ ይዞ የመጣው አንድ ላፕቶፕና አንድ የፀጉር አቆራረጥ ነው። እሱ እስከ አራት ሰዓት ስለሚተኛ ጠዋት ጠዋት በላፕቶፑ የምትሠራው እሷ ነበረች። ምናልባት አጎቷ ልጁ የሠራው መስሎት ይሆን ብላ ልታስብለት ሞከረች። አልሆነላትም፤ ሰብስቤ የማያውቀው ነገር ብዙ ቢሆንም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

የስሙ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሚዛኑ ሆድ ውስጥ ማይክሮኮንትሮለር የሚሏት ጥፍር የምታህል ቺፕ አለች። በዩኤስቢ ገመድ ስትሰካ ኮምፒውተሩ ማነሽ ይላታል፤ እሷም ሲሪያል ዲቫይስ ነኝ፣ ቁጥር እልካለሁ ትለዋለች። እንዲህ በተራ ስም ከመጣች የትኛውም ኮምፒውተር ያለ ጣጣ ያስገባታል፤ እንዲህ ያሉትን የሚያስተናግድ፣ ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም ሲሠራ ጀምሮ አብሮት አለ። ሥራው በዚያው ቢያልቅ ኖሮ ደግ ነበር። ሰብስቤ ግን አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑን አየና ተቀየመ። ሲሪያል ዲቫይስ ማን ነው፣ ገንዘቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም ወይ አለ። የሱ ስም በእስክሪብቶ ላይ አለ፣ በካላንደር ላይ አለ፣ በመዶሻ እጀታና ለዕድሩ በሰጠው ድንኳን ላይ ሳይቀር አለ። ሐዘንተኛ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው የሰብስቤን ስልክ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሚዛኑ በተሰካ ቁጥር ኮምፒውተሩ «ሰብስቤ ኤንድ ሰን» ይበል ብሎ አዘዘ፤ በእንግሊዝኛ፣ ክብር እንዲኖረው። ስሙን ለማስገባት ፍሬሕይወት ለቺፗ ሌላ መለያ ቁጥር ሰጠቻት፣ የራሷን የድራይቨር ፋይልም ጻፈች። እንዲህ ያለውን ፋይል ግን ውጭ አገር ካለ ድርጅት ካልተፈረመለት ኮምፒውተር አይቀበለውም። በመክብብ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራው ጥበቃውን ስላጠፋችው ነው። ይህንኑ ለአጎቷ ደጋግማ ነገረችው፣ ሌላ ሰው ቤት ሄዶ ያሳፍረናል አለችው። ሰብስቤ ሳቀ። ከሶዶ እስከ ዲምቱ እኔን የማያውቀኝ ማን አለና ነው አንድ ኮምፒውተር የሚከለክለኝ አላት። እንዲህ ላለ ሰው ምን ይመለስለታል? ቺፗ በተራ ስሟ የምትመጣበትን የቀድሞውን ተራ ፕሮግራም ሳታጠፋው በአንድ ፎልደር አስቀመጠችና ያዘዛትን ሠራች።

ሦስት ሰዓት ላይ ከሶዶ በሰብስቤ ፒካፕ ተነሱ። ከፊት ሦስት ሰው ያስቀምጣል። ሰብስቤ ነዳ፣ ያን ቀን በግድ የተቀሰቀሰው መክብብ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ሦስተኛው ቦታ ላይ ደግሞ ለዩኒየኑ ሰዎች የሚታደል የካላንደር ካርቶን ተቀመጠ፤ ከኋላ ከተጫነ ይጨማደዳል ተባለ። ፍሬሕይወት ከኋላ ከሚዛኑ ጋር ሆነች። ሚዛኑን በአንድ እጇ፣ የፒካፑን ብረት በሌላው ይዛ፣ በጉልበቷ መሀል ደግሞ ለቀሩት አራት ሚዛኖች የሚሆኑት፣ ቺፗ የተገጠመችባቸው ቦርዶች ያሉበትን የብስኩት ቆርቆሮ አጥብቃ ተቀመጠች። የዳሞታ ተራራ ራሱን በጉም ሸፍኖ ወደ ኋላ ቀረ። ሙዝ የጫኑ ባጃጆች እየተከተሏት ይመጣሉ፤ አንዱ ባለባጃጅ የምትሸጪው ሚዛን ነው ወይስ ራስሽን ልትመዝኚ ነው ብሎ ቀለደባት፣ እሷም ሳቀችለት። ከዚያ ቀን ፌዝ ሁሉ ክፋት የሌለበት የሱ ብቻ ነበር። በኋለኛው መስታወት ውስጥ የመክብብ ፀጉር ሲወዛወዝ ይታያታል። ጠላቻቸው። አባትየውን በሙሉ ልቧ፣ ልጅየውን በግማሽ ልቧ፣ በተረፈው ደግሞ ጠዋት ብርጭቆውን ያነሳችውን ራሷን ጠላች። ዝም አይነቅዝም የሚል ተረት ያወጣ ሰው ይህን ያህል ዓመት በሰው ቤት ዝም ብሎ አላየውም አለች በልቧ።

የዩኒየኑ ቢሮ ከቦዲቲ ገበያ ዳር፣ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚሸት መጋዘን አጠገብ ነው። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ድሮ ነጭ የነበረ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አቧራ እንዳይገባው በዳንቴል የተሸፈነ ኮምፒውተር፣ ጥግ ላይ ለሙከራ የተዘጋጀ አንድ ጆንያ በቆሎ አለ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሰናይት ብዙ የማይናገሩ፣ ሰው ሲዋሽ እስክሪብቶአቸውን የሚያዩ ሴት ናቸው። የኮምፒውተር ባለሙያው ባዳቾ ቀጭን፣ ጥያቄውን ተራ በተራ የሚጠይቅ ሰው ነው። ከውጭ በረንዳው ላይ ከሐዋሳ የመጣ ሌላ ተጫራች ከውጭ አገር የገባ ሚዛኑን በጭኑ አቅፎ ተራውን ይጠብቃል። ሰብስቤ ካላንደሩን አደለ። ከዚያ አርባ ዓመት ወላይታን እንዴት እንዳገለገለ፣ ገበሬው እንዴት እንደሚወደው ተናገረ። ገበሬው ለምን እንደሚወደው አልተናገረም። ለሕዝቡ እንዲህ የሚሟሟለት ሰብስቤ ከቋንቋው የሚያውቀው መቁጠርና ጨምር ማለት ብቻ ነው። በመጨረሻም መክብብን ትከሻውን ይዞ አስተዋወቀው፤ የሠራው ይህ ልጄ ነው አለ። ወይዘሮ ሰናይት በሩ ጋ የቆመችውን ፍሬሕይወትን አይተው ይህቺስ ማን ናት ሲሉት «የቤት ልጅ ናት፣ ዕቃ ታግዘን ብለን ነው» አላቸው። የወንድሙን ልጅ ነው እንዲህ ያለው። ፍሬሕይወት ከጆንያው አጠገብ ሄዳ ቆመች።

በመክብብ ላፕቶፕ ላይ ሚዛኑ ሸጋ ሆኖ ሠራ። ስሙ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሰብስቤ ተነሥቶ በጣቱ እያሳየ አነበበላቸው፣ አንብበው ሲጨርሱም ደግሞ አነበበላቸው። ባዳቾ ታግሦ ሰማው፣ ከዚያ ገመዱን ነቀለና ማስታወቂያው የሚለው በዩኒየኑ ኮምፒውተር ላይ መሥራት አለበት ነው ብሎ ወደራሱ ኮምፒውተር ሰካው። ስም የለም። ቢጫ ምልክት ብቻ። መክብብ ፍሬሕይወት በፍላሽ የሰጠችውን ድራይቨር ጫነ፤ ኮምፒውተሩ ፊርማ የለውም ብሎ መለሰው። ደግሞ ጫነ፣ ደግሞ መለሰው። ገመዱን ነቅሎ አራገበና እንደገና ሰካው፤ ሐዋሳ የተማረው ይህንን ሳይሆን አይቀርም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ ሰብስቤ ኮምፒውተሩ ላይ ተነሣ፤ አሮጌ ነው፣ ቫይረስ በልቶታል፣ መንግሥት ለናንተ አዲስ መግዛት አቅቶት ነው ወይ አለ። ኮምፒውተሩ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

«ይህ ኮምፒውተር ጤነኛ ነው» አለ ባዳቾ፣ ሳይቆጣ። «ድራይቨሩን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለ መክብብ።

«የቺፗን መለያ ቁጥር ከየት አመጣኸው?»

መክብብ አባቱን አየ። አባቱ ጣሪያውን አየ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። መክብብ ቀስ ብሎ ጥበቃውን እናጠፋዋለን አለ፤ ከፍሬሕይወት አንድ ጊዜ የሰማው ነገር ነበር። ባዳቾ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ የአራት ሺህ ገበሬ ሒሳብ እንዳለ፣ ጥበቃው ከጠፋ እሱ ራሱ ከሥራ እንደሚባረር ነገረው። ሰብስቤ ታዲያ እኔ ሌላ ኮምፒውተር እሰጣችኋለሁ አለ። ለአምስቱም ቀበሌ? አለው ባዳቾ። ለዲምቱም ጭምር? ሰብስቤ ወዲያው ሳል ያዘው። ወይዘሮ ሰናይት ሰዓታቸውን አይተው ሠላሳ ደቂቃ ሰጡ፤ ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ ያለው ሰውዬ ይግባ አሉ።

ሰብስቤ ፍሬሕይወትን በክንዷ ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ከነጋ ጀምሮ በስሟ ጠርቶ ሲያነጋግራት ይህ የመጀመሪያው ነው። «ፍሬዬ፣ የሆነ ነገር አድርጊ እንጂ» አላት፣ ለስለስ አድርጎ። እሷም ማድረግ እንደምትችል፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ እንደሚፈጅባት፣ ተራውን ፕሮግራም መልሳ ከጫነችበት ይህም ኮምፒውተር፣ የዲምቱውም፣ የትኛውም ያለ ድራይቨር እንደሚቀበለው ነገረችው። ፊቱ በራ።

«ስሙ ግን ይጠፋል፣ ጋሼ።»

«የቱ ስም?»

«ሰብስቤ ኤንድ ሰን።»

የሰውዬው ፊት ሲጨልም በዓይኗ አየችው። ከውጭ የሐዋሳው ተጫራች ይስላል፣ የተሰጠው ጊዜ እያለቀ ነው፣ የስምንት ወር ድካሟ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰብስቤ ግን ቆሞ ያወጣል ያወርዳል። ወደ ጠረጴዛው አየ፣ ወደ ካላንደሮቹ አየ። «ስሜ ከሌለበትማ የኔ መሆኑን ማን ያውቃል?» አላት በመጨረሻ፣ ከልቡ አዝኖ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፍሬሕይወት ትፈራው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ይህን ያህል ዘመን መፍራቷ አሳፈራት። ክንዷን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

የተናገረችው በወላይትኛ ነው። ሶዶ ተወልዳ ያደገች፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በዚያው ቋንቋ ተሰዳድባ የታረቀች ልጅ ናት። «ሳሮ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ጀመረችና ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሚዛኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የመለያ ቁጥሩንም ድራይቨሩንም የጻፍኩ እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተራችሁ የከለከለው ሚዛኑን አይደለም፣ የአጎቴን ስም ነው፤ ስሙን ላውጣውና ታያላችሁ አለች። ባዳቾ የመለያ ቁጥሯን ጥያቄ ደገመላት፤ እሷም ቁጥሩን ከነምክንያቱ ዘርዝራ መለሰችለት። ወይዘሮ ሰናይት ቅጹ ላይ ያለው ስም ታዲያ የማን ነው አሏት፤ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ላፕቶፑ የሱ ነው፣ ሥራው ግን የኔ ነው አለቻቸው። ይህ ሁሉ ሲባል ሰብስቤ ከመስኮቱ ተመልሶ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ በየቃሉ መሀል ራሱን በመስማማት እየነቀነቀ፣ ፈገግ ብሎ ይሰማ ነበር። ድርጅቱን የምታሞግስለት መስሎታል። አንድ ጊዜ እንዲያውም «ልክ ነው» አለ።

ፍሬሕይወት የመክብብን ላፕቶፕ ወደራሷ ሳበች። መክብብ ወንበሩን ለቀቀላት፤ ሲለቅላት ደግሞ ከባድ ዕቃ ከትከሻው የወረደለት ሰው ይመስል ነበር። የሚዛኑን ክዳን ፈትታ ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫነች፣ ተራውን ፕሮግራም ላከችበት፣ ገመዱን ነቅላ ወደ ዩኒየኑ ኮምፒውተር ሰካችው። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ቅጭል የምትል ድምፅ አሰማና «ሲሪያል ዲቫይስ፣ ኮም አራት» ብሎ ከነመግቢያው ቁጥር ጻፈ። ቢጫ ምልክት የለም። ባዳቾ ጆንያውን አንሥቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፤ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ከስድስት መቶ። ጆንያው ላይ በከሰል የተጻፈው አርባ ሰባት ነበር። የበቆሎው ባለቤት የትም ይሁን የት፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ከሱ ጎድሎ የሌላ ሰው ሆኗል። «ሎኦ»፣ ጥሩ ነው አለ ባዳቾ፣ ለበቆሎው ሳይሆን ለሥራው። የቀሩትንም ቦርዶች አሁኑኑ እንደዚሁ አድርጊልን አሏት ወይዘሮ ሰናይት፣ ነገ ሥራ ስለሚጀመር። እሷም ቆርቆሮውን ከፈተች።

ከዚያ ወይዘሮ ሰናይት ወደ ሰብስቤ ዞረው በአማርኛ ተናገሩ፤ አጭር ነበር። ሚዛኖቹን ከሱቅዎ እንገዛለን አሉት። ቅጹ ላይ ግን አንድ ስም ይታረማል፤ ሠሪና ተካይ ባለሙያዋ ፍሬሕይወት ናት፣ የምንቀጥረውም እሷን ነው፣ ነገ ጠዋት ከዲምቱ ትጀምራለች። የሰብስቤ ፈገግታ ፊቱ ላይ ተረሳ፤ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ የሚበራ አምፖል መሰለ። ወደ ፍሬሕይወት አየ፣ ወደ ልጁ አየ፣ ልክ ነው ያለበትን ቦታ በልቡ ሳይፈልገው አልቀረም። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፣ ወይም ያፍር ነበር። ሰብስቤ የጠየቀው ግን ቼኩ የሚጻፈው በማን ስም ነው ብሎ ነው። በእርስዎ ስም ሲሉት እርማቱ ላይ ፈረመ። ፊርማው ጥሩ ነው፣ ሰፊና ጅራታም።

እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ ወደ ፍሬሕይወት መጣ። ሚዛኑ ውስጥ ካለው ጋር ሲቆጠር ሦስተኛውን ቦርድ ጨርሳ አራተኛውን ላፕቶፑ ላይ እየሰካች ነበር። ከሩቅ ለሚያየው አጎት የወንድሙን ልጅ እንኳን ደስ ያለሽ ሊል ያጎነበሰ ይመስላል፤ ወደ ወይዘሮ ሰናይትም ዞር ብሎ ፈገግ አለላቸው።

«ዛሬ ማታ የት ልታድሪ ነው?» አላት፣ በጆሮዋ።

ይህን አላሰበችውም ነበር። ልብሷ፣ የአባቷ ፎቶ፣ ብርድ ልብሷ፣ ሁሉም ያ የምስማር ክፍል ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ደሞዝ ገና ወር አለው። ዲምቱ የምታውቀው ሰው የለም። ፍርሃቱ እንደ ድሮው ተመለሰባት፤ እጇ ግን አራተኛውን ቦርድ ጨርሶ ነቀለው።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለችው።

ሰብስቤ ቀና አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ መንገድ ስላለብን እንሂድ አለ። ከዚያም «መክብብ፣ ላፕቶፕህን ዝጋና ያዝ» አለው። አምስተኛው ቦርድ ገና ቆርቆሮው ውስጥ ነበር። ያለ ላፕቶፑ ባዶ ቆርቆሮ ማለት ነው፤ ነገ ዲምቱ የሚተከለው ሚዛን ቦርድ ደግሞ እሱ ነበር። ፍሬሕይወት ይህን ታውቃለች፣ ሰብስቤም ወደ ቆርቆሮው ከሚሄደው ዓይኗ ዐወቀው። መክብብ መጣ። እጁን የላፕቶፑ ክዳን ላይ አደረገ፣ አባቱም የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ መዳፉ ላይ ያንቀጫቅጭ ጀመር።

«አንድ ቀርቷታል፣ አባዬ» አለ መክብብ።

ከጠዋት ጀምሮ ከመክብብ አፍ የወጣ እውነት ይህ ብቻ ነበር። ዓይኑን ግን ከጠረጴዛው አላነሣም። ሰብስቤ ልጁን አየው፤ ሱቁ ውስጥ ሐሰተኛ ብር እጁ ሲገባ እንደሚያየው ገልበጥ አድርጎ አየው። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ውጭ የፒካፑ በር በኃይል ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ጡሩምባው ሁለት ጊዜ ጮኸ። መክብብ አልሄደም። እጁን ከክዳኑ ላይ አንሥቶ ቆርቆሮውን አቀረበላት፣ እሷም አምስተኛውን ቦርድ አውጥታ ሰካችው።